ባትሪ የበላው ቶብ

ባለፈው ለኢድ ቤት ስናጸዳ፣ የልጅ ልጄ ራህማ የሣጥኔን ልብስ አንድ በአንድ እያወጣች ፀሐይ ላይ ስታሰጣ፣ ከሁሉ ታች ተጣጥፎ የኖረውን ያንን ሰማያዊ ቶቤን፣ የሱዳን ሴት ከራስ እስከ እግር የምትጣፋውን ልብስ፣ አገኘችው። ዘርግታ ወደ ሰማይ ብትይዘው እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። "ሐቡባ፣ ይህንንማ አይጥ ጨርሶታል፤ መወልወያ ላድርገው?" አለችኝ። ሐቡባ የሚሉት እዚህ ሱዳን አያትን ነው፤ ራህማ አማርኛውን ከእኔ፣ ዓረብኛውን ከሰፈር ልጆች ስላገኘችው ሁለቱን ባንድ አፍ ነው የምታወራው። "አይጥ አይደለም፤ ባትሪ ነው የበላው" አልኳት። ሳቀች። ምን ታድርግ? እሷ የምታውቀው ባትሪ በስልኳ ሆድ ውስጥ ያለውን ነው። ጣሪያችን ላይ የተጋደመው ሶላር ቀን ፀሐዩን ጠጥቶ ማታ ያበራላታል፤ ጣቷን ግድግዳው ላይ ጫን ስታደርግ ቤቱ ቀን ይሆናል። መብራቱ ትንሽ የደከመ እንደሆነ ደግሞ "ኡፍ!" ትላለች። እኔ "ኡፍ" ስትል በሰማሁ ቁጥር ያ ክረምት ትዝ ይለኛል፤ ሣቄም ይመጣል፣ ደረቴም ነፋ ነፋ ይላል። ቶቡን ከእጇ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁትና እንዲህ እንደማወራችሁ አወራኋት።

ያኔ የምንኖረው እዚህ ገዳሪፍ ከተማ አልነበረም። ከሾዋክ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሜዳው ውስጥ የገባ፣ ካምቦ የሚሉት የሠራተኛ መንደር ነበር። የሣር ጎጆ፣ የእሾህ አጥር፣ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይንሽ እስኪደክም ሰሊጥና ማሽላ። ባሌ አደም፣ ነፍሱን ይማረው፣ የአንድ ትልቅ እርሻ ዘበኛ ስለነበር ቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር አረም እወጣለሁ። ዘመኑን ብትጠይቁኝ ዓመተ ምሕረቱን አላውቀውም። ራዲዮው ብዙ ያወራ ነበር፤ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን ወርዶ ማን እንደ ወጣ፣ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። የድንጋይ ዋጋ ግን አልረሳሁም። ድንጋይ ስላችሁ የግንቡን አይደለም፤ በራዲዮና በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን፣ ያንን ቀይ ልብስ የለበሰውን ማለቴ ነው። ጥንዱ ድንጋይ የአንድ ሙሉ ቀን አረም ነበር። ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ ብለሽ፣ ወገብሽ ተቆርጦ፣ ማታ እጅሽ ላይ የሚቀመጠው ሁለት ድንጋይ ነው። ክረምት ሲገባና ጥቁሩ ጭቃ መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ ሎሪ አይመጣማ! ከተማ ያለው ሰው ግድግዳውን ነክቶ በርካሽ ያበራል፤ እኛ ድሆቹ ግን መብራትን እንደ ሽቶ በጠብታ ነበር የምንገዛው። ይህ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ታዲያ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደ በርበሬ። ከዚያ በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል፤ የእኔ የፊት ጥርስ የተሸረፈው በአጥንት እንዳይመስላችሁ። ያም አልበቃ ሲል በምስማር ቀዳዳ አበጅተን ጨው የሟሟበት ውኃ እናጠጣው ነበር፤ እሱም አንድ ሁለት ማታ ይነሣል፣ እንደ አዛውንት እየተንገዳገደ። በመጨረሻም የሞቱትን ሰብስበን በሸምበቆ ውስጥ አንዱን ካንዱ ኋላ እንደረድራቸዋለን፤ እያንዳንዱ የቀረችውን እስትንፋስ ሲያዋጣ ራዲዮው ይናገራል። "ከሙታን ጉባኤ የተላለፈ ዜና" ትል ነበር ጎረቤቴ የሺ። የሺ የአርማጭሆ ሰው ናት፤ አንደበቷ የማያርፍ፣ ግጥም ከአፏ የማይለይ። ሌላዋ ጎረቤቴ ትርሓስ ናት፤ ትግርኛ ተናጋሪ፣ ዝምተኛ፣ ሰፌድ ስትሰፋ ጣቷ እንጂ አፏ የማይንቀሳቀስ። አንዲት ቃል ከተናገረች ግን ያቺ ቃል ለሳምንት ትበቃለች። እኔ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ ክረምቱ ግን ሁላችንንም ባንድ ጭቃ ነበር የሚያቦካን።

ሱቁ የሐጂ ስራጅ ነበር። ሐጂ የጎንደር ሰው ነው፣ የአገሬ ልጅ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ስኳሩን፣ ሻዩን፣ ድንጋዩን እሱ ይሸጣል፤ ደብዳቤያችንንም እሱ ያነባል። እኅቴ ከድጃ ጎንደር ቀርታ ነበርና በሰው በሰው ደብዳቤ ትልክልኛለች። ሐጂ መነጽሩን ይሰካና እንደ ራዲዮ ጮክ ብሎ ይጀምራል። ቀስ ብለው ያንብቡልኝ ስለው "ቀስ ካልኩ ፊደሉ ይጠፋብኛል" ይለኛል። አንድ ጊዜ ከድጃ ከባሏ መጣላቷን ጽፋ ኖሮ፣ ሱቁ ውስጥ የቆመው ሁሉ ሰማ። ስኳር ሊገዛ የመጣ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው፣ "ጥፋቱ የእኅትሽ ነው" ብሎ ፈረደ። ሌላው "የለም፣ የሰውየው ነው" አለው። ሁለቱ በእኅቴ ትዳር ሊደባደቡ ደረሱ። እኔ ቶቤን ፊቴ ላይ ስቤ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ የከድጃ ገመና በሸንኮራና በሳሙና መካከል ተሰጥቶ ቀረ። ያን ቀን በሆዴ "ይህን ወረቀት አንድ ቀን ከዚህ ሰው እጅ ሳይነበብ ባወጣው!" አልኩ። ምኞት ነው፤ ፊደል የማታውቅ ሴት እንዴት ታወጣዋለች?

በዚያው ሰሞን አበጀ መጣ። የዳንግላ ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱምም ወዲያ ሊሄድ የወጣ። ያኔ እንዲህ ያሉ ልጆች በየጊዜው ያልፉ ነበር፤ ውኃ ጠጥተው፣ ጥቂት ቀን ሠርተው ይሄዳሉ። አበጀን ግን ዝናቡ ያዘው። መንገዱ ተዘጋ። በራችን ላይ ባለችው ራኩባ፣ የጥላ ዳስ ናት፣ አሳደርነው፤ ቀን ከእኛ ጋር ያርማል። አንድ ማታ ከአረም ስንመለስ በእንጨት ጭቃው ላይ ይሞነጫጭራል።

"ምንድነው እሱ?" አልኩት።

"ስሜ ነው እትዬ ዘሀራ።"

"የእኔስ ስም ስንት ፊደል ይፈጃል?"

"ሦስት" አለና ጻፈው።

"ሦስት ብቻ! ለሦስት ፊደል ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ሐጂ ስራጅን ደጅ የጠናሁት!"

የሺም ከወዲያ ሰምታ "የእኔም ሁለት ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ" አለች። ትርሓስም ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገባችን ተቀመጠች። ትምህርት ቤታችን እንዲህ ተከፈተ። ለአበጀ ምግቡ ከእኛ፣ ለእኛ ፊደሉ ከእሱ። ግን ወለል ብሎ የታየን ነገር ነበር፤ ጭቃው ሲደርቅ መንገዱ ይከፈታል፣ መንገዱ ሲከፈት አበጀ ይሄዳል። ዝናብ የማይወድ ገበሬ የለም፤ እኛ ግን ከገበሬው ሁሉ ይበልጥ ዝናቡ እንዳይቆም የምንጸልይ ሦስት ሴቶች ሆንን።

ቀን አረም አለ፣ የምንማረው ማታ ነው። ማታ ደግሞ መብራት የለም። ላምባ በዚያ ክረምት ከሐጂ ሱቅ ከነሽታው ጠፍቶ ነበር፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ በሣር ጎጆ ውስጥ እሳት ማንደድም ያስፈራል። የቀረን የእጅ ባትሪ ነው። ከምሰሶው ቁልቁል አንጠልጥለን አንዲት ክብ ብርሃን ወለሉ ላይ እናሳርፋለን፤ በዚያች ክብ ውስጥ የተጣለ ቆርቆሮ ላይ አበጀ በከሰል ይጽፋል። ሦስታችን ራስ ለራስ ገጥመን እናያለን። ብርሃኗ ከሁለት ፊደል አትበልጥም ነበር፤ "ለ"ን ስናይ "ሀ" ጨለማ ይገባል። አበጀ ሲናገርም እናጠፋታለን፤ ለመስማት ብርሃን አያስፈልግማ! ለማየት ስንፈልግ ብቻ "አብሪ!" እንላለን። እንዲህም ቆጥበን ድንጋዩ በጥቂት ማታ ያልቃል። ሰጣነው፣ ነከስነው፣ ጨው አጠጣነው። የሺ ገጠመች፦

ፊደል ልቁጠር ብዬ ገብቼ ከጭቃ፣
ድንጋዩም ደከመ ሀሁ ሳያበቃ።

ሐጂ ስራጅ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሣቀ። "ከእኔ ድንጋይ ገዝታችሁ እኔን ከሥራ ልታስወጡኝ? ግዙ፣ ግዙ፣ አተርፋለሁ!" አለን። እውነቱን ነው፤ ከድንጋዩ ዋጋ በኋላ ለልጆቼ የሚተርፈኝ ዱቄት እያነሰ ነበር። "ሀ" እና "ሁ" ስንት ማሽላ እንደ በሉብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ሎሪውን ልንገራችሁ። በክረምቱ መግቢያ ጆንያ የጫነ አንድ ሎሪ ከመንደራችን ጫፍ እስከ ሆዱ ሰምጦ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ ዓም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደ ማለት ነው፣ የሚባል ሱዳናዊ፣ ጢሙ ነጭ፣ ሣቁ ትልቅ፣ ጭቃው እስኪደርቅ መኪናውን እየጠበቀ ካቢናው ውስጥ ነው የሚተኛው። ምግብ ያጥረዋል። አንድ ቀን ትርሓስ ሰፌዷን እየሰፋች "መኪናው ቆሟል፤ ባትሪው ምን ይሠራል?" አለች። ይችው ናት የዚያ ሳምንት ቃሏ። ሦስታችን ሄደን ተስማማን፦ እኛ ክስራ የሚሉትን የማሽላ እንጀራና ወጥ በየቀኑ እናመጣለታለን፣ እሱ ባትሪውንና አንዲት ትንሽ የመኪና አምፖል ያውሰናል። "ግን ያ ኒስዋን፣ እናንት ሴቶች፣ ስሙኝ" አለ ጣቱን አንሥቶ፤ "መኪናው የእኔ አይደለም። ጭቃው የደረቀ ቀን ባትሪው ሕያው ሆኖ ካልተመለሰና ይህ ሞተር ካልተነሣ፣ ጌታው እኔን ነው የሚያባርረኝ።" በአላህም በማርያምም ማልንለት።

የዚያን ማታ አምፖሏ ስትበራ ያየሁትን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ አየሁት። የሸረሪቱን ድር አየሁት፣ የልጆቼን እግር አየሁት፣ የየሺን ሽበት አየሁትና "አንቺ ሴት አርጅተሻል!" አልኳት። "አንቺስ ይህን ሁሉ ዘመን በጨለማ ነው እንዴ ያማርሽው?" አለችኝ። ቆርቆሮው ዳር እስከ ዳር ታየ፤ "ሀ" እስከ "ሆ" ባንድ ጊዜ ተሰልፈው ቆሙ። ከዚያ በኋላ እየሮጥን ተማርን። "ሐ"፣ "መ"፣ "ሠ"... የመንደሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ያዩናል፤ ትልልቆቹ ሴቶች ሲሳሳቱ መሣቅ ነበር የሚወዱት። የራሴን ስም ሦስት ፊደል ግን ተራቸው ሳይደርስ ለምጄ፣ ከበሩ በላይ ባለው ጭቃ ግድግዳ ላይ በጣቴ ጻፍኩት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ነበር።

ዳሩ ባትሪም ይደክማል። አምፖሏ ቀስ በቀስ እንደ ታመመ ዓይን ቀላች። ባትሪ የሚሞላው ሾዋክ ነው፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት፤ የአንድ ሙሊት ዋጋው የሳምንት አረማችን ነው፣ ያም መንገዱን ሳይጨምር። "ሳምንት ሙሉ ለመብራት ብቻ አርመን ልጅ ምን ይበላል?" አለች የሺ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ባትሪውን ዞረችው። "ትንሹ ድንጋይ ጨው ሲጠጣ የሚነሣ ከሆነ፣ ትልቁ ድንጋይ ጨው ቢበላ ምን ይሆናል? እሱም ያው ድንጋይ ነው፤ አፉ ግን ሰፊ ነው።" እኛም አመንናት፤ ምን እናውቃለን? ክዳኖቹን ከፈትን፣ የሺ በያንዳንዱ አፍ አንዳንድ እፍኝ ጨው አጎረሰችው። ባትሪው ጉሮሮው ፈላ። እንዲህ ያለ ክፉ ሽታ በሕይወቴ አሽትቼ አላውቅም፤ አፍንጫችንን ይዘን ዝናቡ ውስጥ ሸሸን። ማታ አምፖሏን ብናስራት ጭል እንኳ አላለችም።

ዓም ኢድሪስ መጣ። የሆነውን ሰማ። አየ። ጣቱን ወደ አፉ አስጠግቶ "ቀምሳችሁታል? ጨው በቅቶታል ወይስ ይጨመር?" አለን። ሣቅን። ከዚያ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ፤ ያን ጊዜ ሣቁ ከፊታችን ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ሥራውን በእኛ እጅ አጥቶ ሊቀር ነው። እኛም ገና "ተ" ላይ ነን። በመጨረሻ "ተደፍቶ፣ በዝናብ ውኃ ታጥቦ፣ አዲስ የእሳት ውኃ ከገባበት ይድን ይሆናል። ግን ቶሎ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ሾዋክ መድረስ አለበት" አለ። የእሳት ውኃ የሚሉት የባትሪውን አሲድ ነው።

አበጀ "እኔ ተሸክሜው እሄዳለሁ" ብሎ ተነሣ። ትርሓስ ናት የተናገረችው፤ "ሾዋክ አውቶቡስ አለ" አለች።

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። "ትጠረጥሩኛላችሁ ማለት ነው?"

"አንተን አይደለም የኔ ጌታ" አለች የሺ፤ "አውቶቡሱን ነው።"

ስለዚህ እኔና ትርሓስ ሄድን። ሁለት እንጨት በጆንያ አጋጥመን ቃሬዛ ሠራን፤ ባትሪውን በመሀል አጋደምነው፤ ዝናብ እንዳይገባበት አዲሱን ሰማያዊ ቶቤን አለበስኩት። ያንን ቶብ አደም ከገዳሪፍ ሱቅ ያመጣልኝ ነበር፤ ለሠርግ እንጂ ለጭቃ የማይለበስ። ለዋጋው ደግሞ የሺ ሁለቱን ዶሮዎቿን እግራቸውን አስራ ቃሬዛው ላይ አንጠለጠለች፤ "ጨው ያጎረሰ ይክፈል" ብላ። ጥቁር ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ አንዱን እግር ስታወጪ ሌላውን ይውጥሻል፣ ጫማሽን ከወሰደ አይመልስም። ገና ጥቂት እንደ ሄድን ትከሻችን ተላጠ።

ያኔ ከእርሻው ውስጥ ሰዎች እየሮጡ መጡ። በዚያ አገር ደንብ አለ፣ በእኛም አገር አለ፦ በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ ያየ ሰው ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል፤ ያልሰጠ ሰው አይባልም። አራት ወንዶች "አረፍ በሉ፣ አረፍ በሉ ያ ኻላ፣ አክስቶቻችን" ብለው ከትከሻችን ነጠቁን። እኛ ምን እንበል? ተከተልናቸው።

"ምን ነካው?" አለ አንዱ፣ የሀበሻ ልጅ ነው።

ትርሓስ "ጨው በዝቶበት" አለች።

"ኧረ ጨው ክፉ ነው! የእኔም እናት ደም ብዛት አለባት" ብሎ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ከኋላ የተሸከመው ሽማግሌ ዳበስ ሊያደርገው እጁን ከቶቤ ሥር ሰደደ። ቆመ። "ኢና ሊላሂ... ቀዝቅዟል፤ ደርቋል" አለ። ሁሉም ቃሬዛውን ቀስ ብለው አወረዱ። ሽማግሌው የሬሳውን ፊት ሊያይ ቶቤን ገለጠው።

አንዷ ዶሮ ጮኸች። ከዚያ ያ የሀበሻ ልጅ በሣቅ ጭቃው ላይ ወደቀ። እኔ በኀፍረት መሬት ብትከፈት ልገባ ነበር፤ ነገሩን ከሥሩ፣ ፊደሉንም፣ ሎሪውንም፣ ጨውንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ጢሙን እያሻሸ ሰማኝና "የተሸከመ ሰው ለሚቀጥለው ሰው ሳያስረክብ አያወርድም። በሽተኛ በሽተኛ ነው፤ አንሡ!" አለ። አነሡት። ከእርሻ እርሻ እየተቀባበሉ፣ ወሬው ከፊታችን እየቀደመ፣ "የጨው በሽተኛው መጣ!" እየተባለ፣ ባትሪያችን በሰው ትከሻ እንደ ትልቅ ሰው አስፋልት ደረሰ። እስከዚያ ድረስ እኔና ትርሓስ አንድ ጊዜ እንኳ መልሰን አልተሸከምነውም። ይህን አስቤ አሁንም እኮራለሁ፤ ድሀ ነበርን፣ ግን ባትሪያችን እንኳ ሰው ነበረው።

ሾዋክ ላይ ባትሪ የሚሞላው ሰውዬ ደፋው፣ አጠበው፣ የእሳት ውኃውን ሞላው፣ ማሽኑ ላይ አሳደረው። ዶሮዎቹን ተቀበለ። "ዕድሜው አጥሯል፤ በጥንቃቄ ያዙት" አለን። በመልሱም ያው ትከሻ ተቀበለን። የመንደራችን ሰው ዳር ወጥቶ ጠበቀን፤ አበጀ ከሁሉም ፊት ነበር። ማታ አምፖሏን ስናስራት የመጀመሪያውን ያህል ባይሆንም በራች። እኔም ቶቤን ጭቃውን ላስለቅቅ ብዬ ውኃ ውስጥ ብነክረው በእጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ አንድ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ባትሪው ከክዳኑ እየተፋ መንገድ ለመንገድ ሲበላው ነበር ለካ። የሺ አየችና "ዶሮዬንም ቶብሽንም በላ፤ ይህ ባትሪ ፊደሉን ካላስጨረሰን እኔ ራሴ እበላዋለሁ" አለች።

አስጨረሰን። ቀን እየበረታ ሲሄድ፣ ጭቃው መጀመሪያ ቆዳ ሲያወጣ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ ሲያበጅ እያየን፣ በየማታው ሁለት ቤት ሦስት ቤት ፊደል እየጨረስን፣ "ፐ" ላይ የደረስን ዕለት ስንጥቁ እግር ያስገባ ነበር። በመጨረሻው ማታ አበጀ "ዛሬ እኔ አልጽፍም፤ እናንተ ጻፉ" አለን። ትርሓስ የልጆቿን ስም ጻፈች። የሺ ያቺን ግጥሟን ጻፈች። እኔ ለከድጃ ጻፍኩ። ፊደሉ እንደ ፍየል መንጋ ወዲያና ወዲህ የተበተነ ነው፤ አበጀ ሊያርምልኝ እጁን ሲዘረጋ ወረቀቱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። "ይቅርታ እትዬ ዘሀራ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

በማግሥቱ ዓም ኢድሪስ ባትሪውን መኪናው ላይ መለሰ። ወንዶቹ መንኮራኩሩን ቆፍረው አውጥተዋል። መንደሩ ሁሉ ቆሟል፣ ሐጂ ስራጅም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። "ቢስሚላህ" ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ አቃሰተ። የሺ ዓይኗን ሸፈነች፤ "ወየው ዶሮዎቼ!" አለች። ሽማግሌው መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ጥቂት ቆየ። በሦስተኛው ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጢስ ተፋ፣ ተነሣ! እልልታው እስከ ሾዋክ ተሰምቶ ይሆናል። ዓም ኢድሪስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ያ ኒስዋን! ጨዉ ልክ ነበር!" ብሎ ጮኸልን።

አበጀ ከሎሪው ጆንያ ላይ ወጣ። የእጅ ባትሪዬን፣ አንድ ቀን ሙሉ አርሜ ከገዛኋቸው ሁለት አዲስ ድንጋዮች ጋር ሰጠሁት። "እትዬ፣ ይህማ ውድ ነው" አለኝ። "ውድ ስለሆነ ነው የምሰጥህ" አልኩት። ሎሪው አቧራ ሆኖ እስኪጠፋ እጁን አላወረደም። የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች ስንቶቹ ቀርተዋል። ያ ድንጋይ እስከየት እንዳደረሰው አላህ ያውቃል። ጨለማ ቦታ በደረሰ ጊዜ አብርቶት ይሆናል እላለሁ።

መከሩ ካለፈ በኋላ ሐጂ ስራጅ ልጅ ልኮ አስጠራኝ። የከድጃ መልስ መጥቷል። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ ያም የፈረደብኝ ስኳር ገዢ አለ። ሐጂ መነጽሩን ሰካ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣቱን በፖስታው ጫፍ ሰደደ። እጄን ዘረጋሁ።

"ይስጡኝ ሐጂ። ቤቴ ገብቼ አነበዋለሁ።"

ሐጂ አንዴ እኔን አንዴ ፖስታውን አየ፤ ከዚያ በሁለት እጁ፣ እንደ ትልቅ ሰው ዕቃ፣ ሰጠኝ። ዓይኑ ውስጥ ሣቅ ነበር፤ ኩራትም ነበር ልበል፣ የአገሬ ልጅ አይደል? ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በጠራራ ፀሐይ በስንጥቁ በገባችው ብርሃን፣ በነጻ ብርሃን፣ እስኪመሽ አነበብኩት። በማግሥቱ ሻይ ልገዛ ብሄድ ሐጂ አላስቻለውም። "እስቲ ለእኔ ብቻ፣ እንደው ለወንድምሽ፣ ምን አለች?"

"ሰላም ናት" አልኩት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ራህማ ልብሱን ማስጣቱን ትታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቶቡን ከጭኔ አነሣች፣ በየቀዳዳው ጣቷን እያስገባች አየችው፣ ከዚያ እንደ ጥንቱ አድርጋ አጠፈችና ሣጥኑ ውስጥ፣ አሁን ግን ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን ሳትዘጋ ዞር አለችና "ሐቡባ፣ ደብዳቤው ግን ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

"ሰላም ናት ይላል" አልኳት።